የሰባት ዓመት ፍርድና የዕድሜ ልክ ስም

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ይባላል። ተረቱ ያሥቃል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የሰረቀ ሰው እስከ መቃብሩ ሌባ ነው የሚል ፍርድ አለበት። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ለዚህም የአንዲት እንግሊዛዊት ታሪክ ምስክር ይሁነኝ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሜሪ ሄይዶክ በ1777 ዓ.ም. በላንክሻየር ተወለደች። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟንም ጄምስ ባሮው ብላ ስትዘዋወር በፈረስ ስርቆት ተያዘች። በ1791 የስታፎርድ ችሎት ባሕር ማዶ ተሻግራ ሰባት ዓመት በግዞት እንድትቀመጥ ፈረደባት። ዕድሜዋ ገና 14 ነበር።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ወህኒ ቤቶች ሞልተው ነበር። አሜሪካም ነፃ ስለ ወጣች መንግሥቱ ወንጀለኞቹን የሚሰድድበት ሌላ አገር ፈለገ። የአገሩን ነባር ሕዝብ ፈቃድ ሳይጠይቅ ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160,000 ያህል ሰዎች በመርከብ እያሳፈረ ወደ አውስትራሊያ ላከ። የብዙዎቹም ጥፋት ስርቆት ነበር።

ሜሪ በ1792 ሲድኒ ደርሳ በአንድ የጦር ሹም ቤት ሞግዚት ሆነች። በ1794 ቶማስ ሪቢን አገባች። በ1811 ባሏ ሲሞት ሰባት ልጆችና የመርከብ ንግድ በእጅዋ ቀረ፤ እርስዋም ንግዱን አስፋፋችው። በ1825 የአንድ ትምህርት ቤት የበላይ ጠባቂ ሆና ተሾመች። በ1855 ዐረፈች። ዛሬ መልኳ በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ኖት ላይ ይታያል።

ልቤን የነካው ግን ሀብቷ አይደለም። በ1820 ሴቶች ልጆቿን ይዛ የትውልድ አገሯን ልትጐበኝ ሄዳ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰች። በ1828 የሕዝብ ቈጠራ ሲደረግ፣ ያች የተከበረች እመቤት «በ1821 ነፃ ሆና የመጣች» ተብላ ተመዘገበች። የመጀመሪያውን ጕዞዋን ሸሸገችው። ዳኛው የፈረደባት ሰባት ዓመት ነበር፤ የሰው አፍ ግን ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላም ያስፈራት ነበር።

«ሌባ ካላፈረ ማን ይፈራል?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ፈረሱም ባለቤት ነበረው፤ ያጠፋ መቀጣት ይገባዋል። ነገር ግን ቅጣት መጨረሻ ከሌለው፣ ሰው ለመታረም ምን ያተጋዋል?

ይህን የምጽፈው በሩቅ አገር ሰዎች ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ዓመት በክፍላችን አንድ ልጅ የጓደኛውን እስክሪብቶ ወስዶ ተገኘ። መለሰ፤ ተቀጣ፤ ይቅርታም ጠየቀ። እኛ ግን «አመለኛው» የሚል ስም አወጣንለት። አንድ ቀን መጽሐፍ ሲጠፋ ሁላችንም ዘወር ብለን እርሱን አየነው። መጽሐፉ በኋላ በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ልጁን ይቅርታ የጠየቀው ግን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ቅጣቱን የፈጸመውን ሰው እናትና አባቱ ባወጡለት ስም እንጥራው። ይቅርታውንም እኔ እጀምራለሁ።