የበረራ ተማሪው ሲያርፍ

አንድ የበረራ ተማሪ በትንሽ የማሠልጠኛ አይሮፕላን ሲያርፍ ጎማ ሰበረ፣ ፕሮፔለር አጣመመ የሚል ወሬ ስትሰሙ አስቀድማችሁ ምን ትጠይቃላችሁ? እኔ ባለሁበት በመካነ ኢየሱስ «የማን ልጅ ነው?» ይባላል፤ ቀጥሎም «ዕድሉ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። በመሥሪያ ቤትም ፋይል በጠፋ ጊዜ የሚፈለገው ጥፋተኛው ነው። «እንዴት ሆነ?» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም።

እስኪ እኛ እንጠይቅ። አዲስ አበባም ሆነች መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸውና አየራቸው ስስ ነው። የአይሮፕላን የፍጥነት መለኪያ የሚሠራው ከፊት በሚመጣው አየር ግፊት ስለ ሆነ፣ በዚህ ከፍታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 112 ያህል ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ደግሞ ይበልጣል። 12 ኪሎ ሜትር ምን አላት አትበሉ። ፍጥነት በጥቂቱ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በብዙ ስለሚያድግ፣ አይሮፕላኑ ለመቆም የሚሮጠው መንገድ በሩብ ያህል ይረዝማል።

ተማሪው መሬቱ ወደ እርሱ ሲሮጥ ያያል። መለኪያው ትክክል ነው፤ ዓይኑ ግን «ፈጠንህ» ይለዋል። ዓይኑን አምኖ አፍንጫዋን ቀና ካደረገ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ክንፉም አይሮፕላኗን መሸከም ያቅተዋል። ወይም መሬት ነክታ ትነጥራለች፤ እርሱም ደንግጦ አፍንጫዋን ወደ ታች ሲገፋ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል። ፕሮፔለሩ የሚጣመመው ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ከፍቶ፣ ማረፉን ትቶ፣ ዞሮ እንደ ገና መሞከር ነው። ነገር ግን በደጋ አየር ተራ ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣልና ውሳኔው ቶሎ መሆን አለበት። «ሁለተኛ ልሙከር» ማለት እንደ ውርደት የሚቆጠርበት ተማሪ ግን ይዘገያል።

በአገራችን የታወቀው የትንሽ አይሮፕላን አደጋ የኮሎኔል ሁበርት ጁሊያን ነው። ጁሊያን የትሪኒዳድ ተወላጅ ሲሆን ኒው ዮርክ ውስጥ በሐርለም «ጥቁሩ ንስር» እየተባለ የሚጠራ፣ ጃንጥላ ዘላይና ስለ ራሱ ብዙ የሚናገር ሰው ነበር (መናገሩስ ባልከፋ!)። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን አዲሲቱን ጂፕሲ ሞዝ ያለ ፈቃድ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። እርሱ ሞተሩን ሰው ነካክቶብኛል አለ፤ ሌሎች ችሎታ የለውም አሉ። ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ተምረው ብቻቸውን ለመብረር በቅተው ነበር፤ የከተማው ወሬ ግን የጁሊያን ነበር።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አደጋ ምርመራ የሚደነግገውን 13ኛውን አባሪ ያጸደቀው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ያ ደንብ የምርመራው ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም ይላል። በጁሊያን ጊዜ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። ዘውዱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተደፋ፤ ስለ ጂፕሲ ሞዟ ሞተር ግን እስከ ዛሬ ሁለት ወሬ አለ።