የጣና ዳር ለነዋሪው ይቅር

ጎተራን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በማሳለጫው ነው። ከቄራ ወደ ወሎ ሰፈር፣ ከላንቻ ወደ ሳሪስ የሚያልፈው ሁሉ መንገዱን አይቶ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየሙን፣ ጉልቱን፣ ዕድሩን ግን የሚያውቀው እዚህ የሚኖር ብቻ ነው። እኛ የጎተራ ሰዎች በአላፊ አግዳሚ ዓይን መታየት ምን እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ስለ ባሕር ዳር ከሌላው ቀድመን መናገር ያለብን ይመስለኛል።

አዲስ አበቤ ባሕር ዳርን የሚያውቃት ባብዛኛው በእንግድነት ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ይደርሳል፣ ዓሣ ይበላል፣ በጀልባ አንድ ገዳም ተሳልሞ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ ይመለሳል። አየሩ ለዚህ ይመቻል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከእሷ በ500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እኛ በክረምት ጋቢ ስንደርብ እዚያ ቀለል ያለ ልብስ ይበቃል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ አመሻሹ ግን ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው።

የጣና ሐይቅ ግን የጉብኝት ቦታ ከመሆኑ በፊት መኖሪያ ነው። ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን አፅም ይዟል። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እንግዳ እነዚህን አይቶ ሲመለስ፣ በትልቁ ደሴት በደቅ ገበሬው ያርሳል፣ እህሉን በጀልባ ጭኖ ገበያ ያወጣል፣ የታመመውንም በዚያው ውኃ ላይ አሻግሮ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። በዘጌ ሰዉ በጫካ ጥላ ሥር ቡና ይለቅማል። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከዳርቻው እየተገፉ የመጡትም በመጀመሪያ እነሱ ናቸው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደስ የሚል አየርና ውኃ ያለው ከተማ ሁሉ ባለሀብትን ይስባል። ባለሀብቱ ውኃ ዳር መሥራት ይፈልጋል፤ ሆቴሉና መዝናኛው ሲበዛ አጥር ይበዛል። አጥር በበዛ ቁጥር ነዋሪው ሐይቁን የሚያየው ለስላሳ ገዝቶ ሲቀመጥ ብቻ ይሆናል። ሆቴል አይሠራ አልልም፤ ብዙ ወጣት እንጀራ የሚበላው በእሱ ነው። ነገር ግን ልጅ ያለ ክፍያ እግሩን ውኃ የማይነክርበት የሐይቅ ከተማ የነዋሪው ከተማ ሊባል አይችልም።

ደንገሉም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ለአንዳንድ ገንቢ እይታ የሚጋርድ ሣር ይመስለዋል። ደንገል ግን ከመሬት ታጥቦ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ለዓሣ መራቢያ፣ ለወፍ መጠጊያ ይሆናል፣ ለታንኳ ሠሪውም ጥሬ ዕቃው ነው። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ደለሉና ፍሳሹ ቶሎ ይጎዳዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም በፍጥነት የተዛመተውም ከእርሻና ከከተማ የሚገባውን ንጥረ ነገር እየተመገበ ነው። አረሙን በእጁ ለመንቀል ውኃ ውስጥ የገባው የዳርቻው ገበሬ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ጠባቂው ግን ይኸው ገበሬ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል ግጭት ብዙ ሕይወት ቀጥፏል፤ በእንግዳ የሚኖረውን ጀልባ ነጂና አስጎብኚም ገቢ አሳጥቷል። እኛ ጉዟችን ቀረብን ብለን እናዝናለን። እነሱ ግን የዕለት ጉርሳቸው ነው የቀረባቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከሐይቁ ዳር የቀረውን ክፍት ቦታ በሕግ ለሕዝብ ይጠብቅ፤ ደንገሉ ባለበትም ግንባታ አይፈቀድ። እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት ስትሄዱ አትቸኩሉ። ከደሴቱ ሰው ቡናውንና የእጅ ሥራውን ግዙ፤ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሴት የማይገባበትን ገዳም ሥርዓት አክብሩ። ከሁሉ በላይ ጀልባ ነጂውን ስለ ኑሮው ጠይቁት። ከተማዋ የእሱ ናት።