ትግል ወይስ ቴአትር?

የአሜሪካ ቴሌቪዥን ገና ጨቅላ ሳለ በየከተማው ያሉት ጣቢያዎች ገንዘባቸው ትንሽ፣ የሚያሳዩትም ጥቂት ነበር። የትግል ግጥሚያ ግን ርካሽ ነው፤ መድረኩ ጠባብ ስለ ሆነ አንድ ሁለት ካሜራ ይበቃዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በቴሌቪዥን ብቅ ያለው ጐርጀስ ጆርጅ ጠጕሩን እንደ ወይዘሮ አስጠቅልሎ፣ አሽከሩ ሽቶ እየረጨለት ይገባ ነበር። ሕዝቡ ይሰድበዋል፤ ሊያየው ግን ይሰበሰባል። በኒውዮርክም ዴኒስ ጄምስ የተባለው አስተዋዋቂ፣ አጥንት የተሰበረ እንዲመስል በማይክሮፎኑ አጠገብ ደረቅ ነገር ቀጭ ያደርግ ነበር። (ይህም ሙያ ነው!)

ብዙዎች «ውሸት ነው» ብለው ይንቁታል። እኔ በቴአትርነቱ አልነቅፈውም፤ የምነቅፈው አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀውን ጨዋታ እውነተኛ ውድድር አስመስለው ማቅረባቸውን ነው። ተመልካቹ አውቆ ቢያጨበጭብ ምን ይጐድል ነበር? ከታላላቆቹ የትግል ነጋዴዎች አንዱ ነገሩን በይፋ ያመነው በ1989 በኒው ጀርዚ ሸንጎ ፊት ነው፤ ያውም ከመንግሥት ቁጥጥርና ከግብር ለመዳን።