ለቀብር የሚፈታው ከረጢት ለፈውስ ስለ ምን ይቋጠራል?

በቀበና ሰው የሞተ እንደ ሆነ የዕድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ገንዘብ ያዡም መዝገቡን ገልጦ ለሐዘንተኛው ቤት የተወሰነውን ሳያጓድል ይከፍላል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዳሩ ግን ያው ሟች በሕይወት ሳለ በነቀርሳ፥ በዛሬው አጠራር በካንሰር፥ ተይዞ የመድኃኒት መግዣ ባጣ ጊዜ መዝገቡ ሳይገለጥ ቀርቶአል። እንግዲህ የጎረቤት ዋጋው የሚታወቀው ሲሞት ብቻ ነውን?

ስለ ነቀርሳ አዲስ ሕክምና የሚሰማው ወሬ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ግሊቬክ የተባለው ኪኒን በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ፥ ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረ አንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ መድኃኒት እየዋጡ ረጅም ዘመን የሚኖሩበት ደዌ ሆነ። ነገር ግን መድኃኒት በዓለም መገኘቱና በድኻ እጅ መግባቱ የተለያየ ነገር ነው። ይህ ኪኒን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ሕሙማን የደረሰው በስጦታ እንጂ በግዢ አይደለም። በሌላው ቸርነት ብቻ የቆመ ተስፋ ደግሞ ቸርነቱ በቀረ ቀን ይወድቃል።

የጨረር ሕክምናም ነገር እንዲሁ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አገሪቱ በሙሉ ወደ ጥቁር አንበሳ ብቻ ትጎርፍ ነበር። መሣሪያው የሚሠራው በኮባልት ነበረ፤ የኮባልትም ኃይል በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፥ ባረጀ ቍጥር አንዱን ሕመምተኛ ለማከም የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ተራ ጠባቂውም ይበዛል። ነቀርሳ ግን ተራ አይጠብቅም። ዛሬ በጥቁር አንበሳም በጅማም አዲሶች መሣሪያዎች ገብተዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዘግይቶ የመጣን ሰው የመሣሪያው አዲስነት ብቻ አያድነውም።

አንዳንዶች፦ «ነቀርሳ ሐኪም ከነካው ይብሳል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሐኪም ቤት የገቡት ሲሞቱ ስላዩ ነው። የብዙዎቹ ሞት ግን ስለ ታከሙ ሳይሆን ዘግይተው ስለ ታከሙ ነው። የኢትዮጵያን ሴቶች አብዝተው ከሚገድሉት ነቀርሳዎች አንዱ የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው። የዚህም መነሻ ምልክት በጤና ጣቢያ በኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ በጥቂት ደቂቃ ይታያል፤ ሳይጸናም ይወገዳል። ለልጃገረዶችም መከላከያው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ይሰጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ የኖረች እናት ግን ይህን ማን ነገራት?

ሌሎች ደግሞ፦ «ጸበሉ ይበቃል» ብለው ሕመምተኛውን ከሐኪም ያርቁታል። ስለ ኤድስ ይህ ክርክር በእንጦጦ ጸበል በተነሣ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ ተናግረዋል። ለኤድስ የተነገረው ለነቀርሳ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ከፓትርያርኩ ይልቅ አማኝ ነኝ ማለቱ ነው።

«ዕድር ድኻ ነው፤ አንድ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሣጥኑን ባዶ ያስቀረዋል» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕድር የውድ መድኃኒትን ሁሉ ዋጋ መሸከም አይችልም፤ ይህ የመንግሥት ሸክም ነው፤ ከመንግሥትም ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ዕድር የምርመራውንና የመጓጓዣውን ወጪ፥ አቅም ላጣውም አባል የጤና መድን መዋጮውን መክፈል አያቅተውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል ከቀብር በኋላ ለንፍሮ ብቻ የተባለ አይደለም።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ የንስሐ ልጃችሁ በሰውነቷ እብጠት ወይም ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም አይታ ስትነግራችሁ፥ ጸልዩላት፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ስደዱአት። ዕድርተኞችም ሆይ፥ በሚመጣው የወር ስብሰባ ከሂሳቡ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከመካከላችን ታሞ የተደበቀ ማን ነው?