የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል

ከሆለታ ቡራዩ እየተመላለሰ በአንድ እብነ በረድ ቤት የሚሠራው የልጅ ልጄ፣ ጥር ላይ ራት እየበላን “አባባ፣ ውሃ ብረት ሲቆርጥ አይተው ያውቃሉ?” አለኝ። ሳቅሁበት። በማግስቱ በሚኒባስ አሳፍሮ ወሰደኝ።

ገና ስገባ ጆሮዬ ላይ መከላከያ አጠለቀልኝ፤ ጩኸቱ አይጣል ነው። ውሃ በሞላው ሰፊ ገንዳ ላይ ግራናይት ተጋድሟል። ከላይ ባለው ቀጭን አፍንጫ ከሲባጎ የማይወፍር ውሃ ይወርድና ድንጋዩን አበባ አድርጎ ይቀርጸዋል። ጠርዙን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። ደስ ያለኝ ግን ብናኝ አለመኖሩ ነው። ይህ ልጅ ቀድሞ በደረቁ በዲስክ ሲቆርጥ ውሎ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ነበር የሚገባው። የግራናይት ብናኝ ውስጥ ያለው ሲሊካ ደግሞ ሳንባ ላይ የማይድን ጠባሳ ይተዋል።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው አለኝ። አንዱ በንጹህ ውሃ ብቻ ስፖንጅ፣ ጎማ፣ ኬክ ሳይቀር ይቆርጣል። ሌላው ጋርኔት የሚባል ደቃቅ ማዕድን ከውሃው ጋር ይቀላቅላል፤ ብረት፣ መስታወትና ድንጋይ የሚቆርጠው እሱ ነው። ፓምፑም ይለያያል፦ አንዳንዱን ሞተር በቀጥታ ይገፋዋል፤ የእነሱ ግን በዘይት የሚገፋ ትልቅ ፒስተን ትንሹን እየጨመቀ እስከ 4,000 ባር ያደርሳል። የቤታችን ቧንቧ ግፊት ከጥቂት ባር አያልፍም።

ወላጆች፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለሚከተለው ነው። ባለፈው ወር ከቱቦ መጋጠሚያ ያፈተለከ ውሃ ጠቋሚ ጣቱን ወጋው። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ደም እንኳ የለውም። አለቃው “ፕላስተር ለጥፍበት” ብሎት ማታ ቤት መጣ። ባለቤቴ ማር ልትቀባው ተነሳች። እኔም “ነገ ይታያል” አልኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ልጁ ግን የማሽኑን መመሪያ አንብቦ ነበር። “አባባ፣ ቀዳዳው ትንሽ ይምሰል እንጂ ውሃው ከነቆሻሻው ከቆዳ ሥር ገብቶ ይሰራጫል፤ ከዘገየ ጣት ያስቆርጣል” አለኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን በሌሊት አዲስ አበባ ገባን። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጣቱን አይቶ ወረፋ ጠብቁ አለን። ልጁ ሐኪም ሲያልፍ ተነስቶ “ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ነው የወጋኝ” ሲለው ግን ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

ጣቱ ተርፏል፤ ጫፉ ግን ይደነዝዘዋል። ወደ ሥራውም ተመልሷል፤ ባለቤቴ በዚህ አኩርፋኛለች። በውጭ አገር እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ለሐኪም የሚያሳዩት ካርድ በኪሳቸው ይይዛሉ አሉ። እኔም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ አስጽፌ፣ በላስቲክ አስለብጬ ከመታወቂያው ጋር አስቀመጥኩለት። ለሥራ ባልደረቦቹም አምስት ኮፒ ላክሁ።