ቁመቱንም ለኩት!

የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሁሌ ፊት ወንበር ላይ ነው። «አባቱም አጭር ነው፣ ኋላ ይመዘዛል» እያልን ዓመታት አለፉ። እኔም ብያለሁ።

ባለፈው ወር ሐኪም ጋ ወሰድነው። «አምና ቁመቱ ስንት ነበር?» አለን። ሁላችንም ዝም! ኪሎውን እንጂ ቁመቱን ለክተን አናውቅም።

ወገን፣ ከማጠሩ ይልቅ የሚያሳስበው እድገቱ መዘግየቱ ነው። ከ4 ዓመቱ እስከ ጉርምስና በዓመት ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ከጨመረ ይመርመር። ምግብ፣ ታይሮይድ፣ ዘር ወይም የእድገት ሆርሞን እጥረት ሊሆን ይችላል። ሜሲን መርፌው የጠቀመው ችግሩ በልጅነቱ ስለታወቀ ነው። አጥንት ማደጉን ካቆመ በኋላ መርፌም ቁመት አይጨምርም።

እርሳስ አንሱ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቀን ጻፉበት፤ ከ6 ወር በኋላ ድገሙት። «አጭሬ» ማለቱንም እንተው በናታችሁ።