«ስንተኛ ወጣህ?»

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። እኔም አባቴ ይህንኑ ሲጠይቀኝ አድጌያለሁ፤ ልጆቼንም ሳላስበው ይህንኑ እጠይቃለሁ። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም። ዘንድሮ ግን እዚህ ሐሙሲት ይህችው ጥያቄ አንድ አባትና ልጅ አኳርፋ፣ እኔንም ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ እንድጠይቅ አድርጋኛለች።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰብስቤ ቴአትር አለማምዳለሁ። መድረክ የለንም፤ የንባብ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ መጋረጃችንም ነጠላ ነው። የተውኔት መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ የየድርሻቸውን በደብተር ይገለብጣሉ። መጀመሪያ ክብ ሠርተን ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን፤ በቃል ማጥናት ከዚያ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ የሌላ ሰው ቃል ሲሰጡት ድምፁ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ አንዳንዶቹ ይቀራሉ። ማንም አይቀየማቸውም፤ ሲመለሱ ድርሻቸው ይጠብቃቸዋል።

የራሳቸውን አጭር ጭውውትም እንዲጽፉ አበረታታለሁ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት አምቦ ትምህርት ቤት ውስጥ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ሲታይ ደራሲው ገና በእነሱ ዕድሜ ነበር። ይህን ስነግራቸው ደብተር የማያወጣ የለም።

በየካቲት አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ስለ አባትና ልጅ ጻፈ። በጭውውቱ ውስጥ አባትየው ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው። ልጁን ሲያመውም፣ ጓደኛው ሲርቀውም፣ ሌሊት ሲያለቅስም «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ አሳሳላቸው፣ ጋቢያቸውን የሚያጣፉበት ሁኔታ እንኳ አልቀረውም። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። አባቱ በቦታው አልነበሩም፤ ወሬው ግን ሐሙስ ሳይደርስ ደረሳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈላ። «መምህር፣ ልጄን አንባቢ ያደርጉልኛል ብዬ ብሰጥዎ በአገር ምድሩ ፊት አዋረደኝ» አሉኝ።

«ጥፋቱ የልጁ አይደለም ጋሼ፣ የእኔ ነው» አልኋቸው። እውነትም ነበር። ጭውውቱ ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት የማን ጓዳ እንደሚከፈት ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ይቅርታዬን ተቀበሉ። በረካው ሲቀዳ ግን ሲኒውን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርሁም። የሚማረው ምን እንደሆነ አላውቅም። ከደረጃው ሌላ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

መልስ አላገኘሁላቸውም። ልጁ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን፤ የቤት ነገር በአውሬ አፍ ይነገራል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ የዘመኑን አስተዳደር በእንስሳት አፍ ነበር የነቀፈው። ባለ ሥልጣኖቹ ግን እነማን እንደተነኩ አልጠፋቸውም፤ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ አውሬ ማድረጉ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ልጆቹ ጅብ ቢሉም ጦጣ ቢሉም የሚያወሩት ስለ እኛ ስለሆነ፣ ሳይቆጣ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ቴአትር የሚለማመድ ከሆነ ሂዱና ተመልከቱ። ስትወጡ «ይሄ እኔን ነው?» ብላችሁ አትመርምሩት። በነጋታው ቀለል አድርጋችሁ «ያ ሰውዬ ለምንድን ነው ዝም ያለው?» በሉት። ስለ ሰውዬው ሲመልስላችሁ ስለ ራሱም ብዙ ይነግራችኋል። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ፣ ድርሻውን ሲያጠና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «አልተሰማኝም፣ ድገመው» ለማለት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አያቶችም ተረታችሁን አትንፈጓቸው፤ ጅቡንም ጦጣውንም የምንበደረው ከእናንተ ነው።

ልጁ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ። መጫወት አልፈለገም፤ ጎን ቆሞ ቃል ለሚጠፋባቸው ያስታውሳል። አባቱ እስከ ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጡም። ባለፈው እሑድ ግን ልጁ የተውኔቱን መጽሐፍ ለአንድ ሌሊት ልውሰደው አለኝ። ያለን እሱ ብቻ ስለሆነ ወደ ውጭ አናወጣውም። «ለምንህ ነው?» አልሁት።

«ግማሹን በቃሌ ነገርሁት» አለ። «አባቴ መጨረሻውን ጠየቀኝ።»

አስፈርሜ ሰጠሁት።